ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ የሚወሰድ ድረ ገጽ፦ ስለ ፎልደርና ፋይል አሰያየም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በሀዋሳና በአካባቢዋ ላሉ የትምህርት ቤት አይሲቲ ክፍሎች፣ ቤተ መጻሕፍትና ቢሮዎች ነው። ኔት ባለበት ቦታ ድረ ገጽ አውርዶ፣ በፍላሽ ይዞ፣ ኔት ወደሌለበት ክፍል መውሰድ የዘወትር ሥራቸው የሆነ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አንድ ነው፤ ያወረዱበት ኮምፒውተር ላይ ሙሉ የነበረው ድረ ገጽ ሌላው ላይ ሲከፈት ምስሉ የለም፣ ሊንኩ አይሠራም፣ አንዳንዱ ፋይል ጭራሽ አልተቀዳም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፍላሹም የቫይረስም አይደለም፤ የስም ነው። ስም ደግሞ መስተካከል ያለበት ከማውረድ በፊት ነው።

የፕሮግራሞችንና የአማራጮችን ስም እዚህ በድምፃቸው ጽፈናቸዋል። ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

ኡቡንቱ ላይ አውርጄ በሙሉ ያየሁት ድረ ገጽ ዊንዶውስ ላይ ለምን ግማሹ ጠፋ?

ሊኑክስ (ኡቡንቱ አንዱ ዓይነቱ ነው) በፋይል ስም ውስጥ የሚከለክለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እዝባር (/) እና ዜሮ ቁጥር ያለው የማይታይ ቁምፊ። ዊንዶውስ ግን ዘጠኝ ምልክቶችን ይከለክላል። ድረ ገጾች ደግሞ ከእነዚህ አንዱን፣ ጥያቄ ምልክትን፣ በየአድራሻቸው ይጠቀማሉ። ‹ዜና.ፒኤችፒ?ቁጥር=5› የሚል አድራሻ ያለው ገጽ ኡቡንቱ ላይ ሲወርድ ከነጥያቄ ምልክቱ ይቀመጣል፤ ኡቡንቱ ምንም አይለውም።

ችግሩ የሚጀምረው ፍላሹ ላይ ነው። ፍላሽ ፎርማት ሲደረግ ፋት32፣ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይሆናል። ፋት32 ወይም ኤክስፋት የሆነ ፍላሽ የዊንዶውስን ሕግ ስለሚከተል ቅጂው መሃል ላይ ‹ኢንቫሊድ አርጊውመንት› ብሎ ይቆማል። ይሄ ደግነቱ ወዲያው ይታወቃል። ፍላሹ ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ግን ኡቡንቱ ስሙን እንዳለ ሊጽፈው ይችላል፤ ቅጂው አለቀ ይላል፣ ሰውየው ፍላሹን ነቅሎ ይሄዳል፣ ዊንዶውሱ ላይ ፋይሉ ይታያል፣ ሲነኩት አይከፈትም፣ ሲያጠፉትም አይጠፋም። ስለዚህ ኤንቲኤፍኤስ ፍላሽ ላይ ‹ያለ ስህተት ተቀዳ› ማለት ‹ዊንዶውስ ላይ ይሠራል› ማለት አይደለም።

የተከለከሉት የትኞቹ ናቸው?

ዊንዶውስ ላይ፦ እዝባር (/)፣ የኋላ እዝባር (\)፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ ኮከብ (*)፣ ጥያቄ ምልክት (?)፣ ድርብ ጥቅስ (")፣ ቀጥ ያለ መስመር (|)፣ እንዲሁም የ‹ያንሳል› እና የ‹ይበልጣል› ምልክቶች። ከ0 እስከ 31 ያሉት የማይታዩ ቁምፊዎችም አይፈቀዱም። ስም በነጥብ ወይም በባዶ ቦታ ማለቅ የለበትም።

ከዚህ ሌላ ከዶስ ዘመን ጀምሮ ለመሣሪያዎች የተያዙ ስሞች አሉ፦ ኮን፣ ፒአርኤን፣ ኦክስ፣ ነል፣ ከኮም1 እስከ ኮም9፣ ከኤልፒቲ1 እስከ ኤልፒቲ9። ከኋላቸው ኤክስቴንሽን (ከነጥብ በኋላ የሚመጣው የፋይል ዓይነት መለያ) ቢጨመርም ችግሩ ያው ነው። ስለ ድምፅ መሣሪያ የሚያወራ ድረ ገጽ ‹ኦክስ› የሚባል ገጽ ቢኖረው ኡቡንቱ ላይ በሰላም ወርዶ ዊንዶውስ ላይ ሊሰናከል ይችላል።

ማክ ከሁለቱ መካከል ነው፤ ምልክት ላይ እንደ ሊኑክስ ለቀቅ ያለ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ላይ ደግሞ እንደ ዊንዶውስ ነው።

‹ት/ቤት› የሚል ፎልደር ለምን አይሆንም?

አማርኛ ስናሳጥር እዝባር እንወዳለን፤ ት/ቤት፣ መ/ቤት፣ ክ/ከተማ፣ ዶ/ር፣ ወ/ሮ። ለኮምፒውተር ግን እዝባር ፊደል ሳይሆን ድንበር ነው፤ ከግራው ያለው ፎልደር፣ ከቀኙ ያለው በውስጡ የሚገኝ ነገር ማለት ነው።

በመዳፊት ፎልደር ሲፈጥሩ ዊንዶውስም ኡቡንቱም ይከለክሉዎታል፤ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ትዕዛዝ ሲጽፉ ነው። ድረ ገጽ በትዕዛዝ የሚያወርደውን ፕሮግራም፣ ደብሊውጌትን፣ ‹ት/ቤት ውስጥ አስቀምጥ› ቢሉት አይቃወምም፤ ‹ት› የሚባል ፎልደር ፈጥሮ ውስጡ ‹ቤት› ይከፍታል። በማግስቱ ‹ት/ክፍል ውስጥ አስቀምጥ› ሲሉት ያንኑ ‹ት› ያገኝና ‹ክፍል›ን ይጨምርበታል። ከወር በኋላ አንዲት ‹ት› ስር ምንም የማይገናኙ ሥራዎች ተከማችተው ይገኛሉ።

ማክ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የማኩ ፋይል መመልከቻ፣ ፋይንደር፣ ‹ት/ቤት›ን ይቀበላል፤ ነገር ግን በውስጥ የሚያስቀምጠው እዝባሩን ወደ ሁለት ነጥብ (:) ለውጦ ነው። ሁለት ነጥብ ዊንዶውስ ላይ ክልክል ስለሆነ ፎልደሩ ሲወሰድ ወይ አይቀዳም፣ ወይ ስሙ መሃል ያልታወቀ ምልክት ይገባበታል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሙሉውን ‹ትምህርት-ቤት› ብለው ይጻፉ ወይም በእዝባሩ ቦታ ሰረዝ ያድርጉ። የእኛው የቃላት መለያ ‹፡› ከላቲኑ ‹:› የተለየ ቁምፊ ስለሆነ ዊንዶውስ አይከለክለውም። ቢሆንም አንጠቀምበት፤ ስሙን ከስክሪን አይቶ እንደገና የሚጽፈው ሰው የትኛው እንደሆነ ሊለየው አይችልም።

ቀን እንዴት ይጻፍ? በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ?

በስሙ ውስጥ በፈረንጅ፣ ዓመት ቀድሞ፣ ወር ተከትሎ፣ ቀን በመጨረሻ፦ 2025-03-14። እንዲህ ሲሆን በስም ተራ የተደረደረው በጊዜ ተራም ይደረደራል። ፋይሉ የተለወጠበትን ቀን ኮምፒውተሩ ራሱ የሚመዘግበው በፈረንጅ ስለሆነ ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል።

‹2017› ብቻ ተብሎ የተሰየመ ፎልደር ለሚቀጥለው ሰው እንቆቅልሽ ነው። በኢትዮጵያ ከሆነ ከመስከረም 2024 እስከ መስከረም 2025 ያለው ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ከዚያ ሰባት ዓመት ይቀድማል። የኢትዮጵያን ዘመን የግድ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ከቁጥሩ ኋላ ‹ኢሲ› ብሎ በላቲን ሁለት ፊደል ይጨምር። ጳጉሜን ግን ያስቡ፤ ‹2017-13-05› የሚለውን ቀን ነው ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ወር 13 ሲያይ ይሰናከላል።

‹ዓ.ም.› ብለው አይጨርሱ። የመጨረሻዋ ነጥብ ናት ችግሩ። ዊንዶውስ ላይ ሲፈጥሩት ነጥቧን ዝም ብሎ ይጥላታል። ኡቡንቱ ላይ ተፈጥሮ በኤንቲኤፍኤስ የመጣ ‹ዜና 2017 ዓ.ም.› ግን ከነነጥቧ ይመጣል፤ ዊንዶውሱ ፎልደሩን ያሳያል፣ ሲከፍቱት ቦታው የለም ይላል። ወደ ኡቡንቱ መልሶ ነጥቧን ማንሳት ይበቃል።

ሰዓት ካስፈለገ ያለ ሁለት ነጥብ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር፦ 0830። ‹2፡30› ብሎ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ኮምፒውተሩ ከመዘገበው ጋር ሲያስተያዩ ስድስት ሰዓት ይለያያል።

በአማርኛ ፊደል ብሰይም ይሻላል ወይስ በላቲን?

ይህን በሁለት ከፍለን እንመልሳለን።

ለአንባቢ የሚሰጥ ነጠላ ሰነድ፣ ለምሳሌ አንድ ፒዲኤፍ፣ በአማርኛ ቢሰየም ችግር የለውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዛሬ ያሉት ዊንዶውስ፣ ኡቡንቱና ማክ በሙሉ ይቀበሉታል። እንዲያውም ሁለት ጥቅም አለው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ስለዚህ ከታች የምናነሳው የትልቅና ትንሽ ፊደል ጣጣ አይነካውም። ደግሞም እያንዳንዱ ፊደል አንድ ራሱን የቻለ ቁምፊ ነው። ፈረንሳይኛ ውስጥ ጭረት ያለባት ፊደል በሁለት መንገድ ልትቀመጥ ስለምትችል ከማክ ወደ ሊኑክስ ስትሄድ ‹አንድ ስም ሁለት ፋይል› ትሆናለች፤ ይህ ዓይነቱ መከራ አማርኛን አያገኘውም።

በሌላ በኩል የእኛው ችግር አለ። ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ፤ ለአንባቢ ሁሉም ያችው ከተማ ናት፣ ለኮምፒውተር አራት የማይገናኙ ስሞች። ‹ሐዋሳ› ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው ‹ሀዋሳ› ብሎ ሲፈልግ ያጣዋል፤ አጥቶም እንደገና ያወርደዋል። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ ላይም እንዲሁ ነው። በአማርኛ የሚሰይም ክፍል የሚጠቀምባቸውን ሃያ ሠላሳ ቃላት በአንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ይጠቅመዋል።

ሙሉ ድረ ገጽ የሚቀመጥበት ዋናው ፎልደር ግን በላቲን፣ በትንንሽ ፊደል፣ አጠር ተደርጎ፣ ባዶ ቦታ ሳይኖረው ይሰየም ባይ ነን። ሰው የሚያነበው የአማርኛ ርዕስ ፎልደሩ ውስጥ ባለ የመግለጫ ፋይል ላይ ይጻፍ። ምክንያቱ ርዝመት ነው።

ርዝመቱ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

ሁለት ወሰኖች አሉ፤ አንዱ የአንድ ስም፣ ሌላው የመንገዱ በሙሉ።

የአንድ ስም ወሰን ኡቡንቱ በሚጠቀምበት የዲስክ ፎርማት፣ ኤክስት4፣ ላይ 255 ባይት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው፤ የእኛ ፊደል ግን ሦስት። 255 ለሦስት ሲካፈል 85 ይሆናል፤ ‹.ኤችቲኤምኤል› የሚለው ኤክስቴንሽን ከነነጥቡ በላቲን 5 ባይት ስለሚወስድ ለስሙ 83 ፊደል ይቀራል። ዊንዶውስ ላይ ግን ወሰኑ 255 ቁምፊ ነው፤ ፊደላችንም አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ እዚህ ላይ ጥብቁ ሊኑክስ ነው። ባለ 100 ፊደል የአማርኛ ርዕስ ዊንዶውስ ላይ በምቾት ይቀመጣል፤ ወደ ኡቡንቱ ሲመጣ ‹ፋይል ኔም ቱ ሎንግ› ይባላል።

የመንገዱ ወሰን ላይ ደግሞ ጥብቁ ዊንዶውስ ነው። ከድራይቭ ፊደሉ ጀምሮ እስከ ፋይሉ ኤክስቴንሽን 260 ቁምፊ፤ አንዱ ለማይታየው መዝጊያ ስለሚሄድ 259 ይቀራል። ለፎልደር 248 ነው። ከዊንዶውስ 10 የ2016 እትም 1607 ጀምሮ ይህን ወሰን ማንሳት ይቻላል፤ ግን ፕሮግራሙም ራሱ መፍቀድ አለበት፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ለሚከፈት ሥራ አይተማመኑበት።

ዴስክቶፕ ላይ ማውረድ እንዴት እንደሚጎዳ ይቁጠሩት። ሲ ድራይቭ፣ ‹ዩዘርስ›፣ ‹አድሚኒስትሬተር›፣ ‹ዴስክቶፕ› ተብሎ ገና ምንም ሳይወርድ 31 ቁምፊ አልቋል። ዲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ አንድ ፊደል ያላት ፎልደር ቢከፍቱ 5 ብቻ ነው።

የአማርኛ ርዕስ ያላቸው ገጾች ስማቸው ፐርሰንትና ቁጥር ሆኖ ወረደ። ለምን?

በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ የአማርኛ ፊደል የሚጓዘው ወደ ኮድ ተቀይሮ ነው፤ ለእያንዳንዱ ባይት አንድ ፐርሰንትና ሁለት ቁምፊ። ‹ሀ› ብቻዋን %ኢ1%88%80 ትሆናለች፤ ዘጠኝ ቁምፊ። ‹ሀዋሳ› 27፣ ‹ኢትዮጵያ› 45። በዚህ መልክ የተቀመጠ ስም 255 ውስጥ የሚይዘው 28 ፊደል ነው፣ ‹.ኤችቲኤምኤል› ሲጨመር 27። ከአማርኛ ዊኪፔዲያ ረዘም ያለ ርዕስ ያለው ገጽ ሲያወርዱ ስሙ የሚቆረጠው ወይም ፋይሉ ጨርሶ የማይቀመጠው በዚህ ነው።

ደብሊውጌት ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ያደናገረው እሱ ነው። ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ከ128 እስከ 159 ያሉ ባይቶችን ‹የማይታዩ ቁምፊዎች ናቸው› ብሎ ወደ ፐርሰንት ይቀይራቸዋል። የእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሁለተኛ ባይት ደግሞ ከ136 እስከ 141 ባለው ውስጥ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ አንድም ፊደል አያመልጥም፤ የመጀመሪያው ባይት ሳይነካ፣ ሁለተኛው ተቀይሮ፣ ሦስተኛው አንዳንዴ ተቀይሮ አንዳንዴ ሳይቀየር፣ ስሙ አማርኛም ያልሆነ ፐርሰንትም ያልሆነ ቅልቅል ይወጣል።

መድኃኒቱ ‹ሪስትሪክት ፋይል ኔምስ› ለሚባለው አማራጭ ‹ኖኮንትሮል› የሚል ዋጋ መስጠት ነው። ይህን ኡቡንቱ ላይ ያድርጉት። ዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ደብሊውጌት ብዙ ጊዜ ባይቶቹን በአሮጌ የኮድ ገጽ (ባይትን ወደ ፊደል በሚለውጥ ሰንጠረዥ) ስለሚያነባቸው ስሙ እዚያም ይበላሻል።

የፈለጉት ዊኪፔዲያን በሙሉ ከሆነ ደግሞ ገጽ በገጽ አያውርዱ። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ሁሉንም በአንድ የዚም ፋይል ያቀርበዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ስሞች ቀርተው የሚጠነቀቁለት ስም አንድ ብቻ ይሆናል።

ደብሊውጌትን በምን ቅንብር ላስኪደው?

የምንመክረው ይህ ነው። እያንዳንዱ አማራጭ ከፊቱ ሁለት ሰረዝ፣ በቃላቱ መሃል አንድ ሰረዝ አለው።

‹ሚረር›፦ ከነንዑስ ገጾቹ ያወርዳል።
‹ፔጅ ሪኩዊዚትስ›፦ ምስሉንና የገጹን ማስዋቢያ ፋይሎች ያመጣል።
‹ኖ ፔረንት›፦ ከጠየቁት ክፍል በላይ ወጥቶ ሙሉውን ድረ ገጽ እንዳይጎትት።
‹አድጀስት ኤክስቴንሽን›፦ ስሙ በ‹.ኤችቲኤምኤል› የማያልቅ ገጽ ላይ እሱን ይጨምራል።
‹ኮንቨርት ሊንክስ›፦ ሊንኮቹን ወደ ወረዱት ፋይሎች ያዞራል።
‹ሪስትሪክት ፋይል ኔምስ›፦ ዋጋው ‹ዊንዶውስ› እና ‹ኖኮንትሮል›፣ በኮማ ተለያይተው።

የመጨረሻው ‹ዊንዶውስ› የሚለው ዋጋ ኡቡንቱ ላይም ሆነው መስጠት ያለብዎት ነው። ጥያቄ ምልክትን በ@ ይተካል፣ ከአድራሻና ከፖርት ቁጥር መሃል ያለውን ሁለት ነጥብ በ+ ይተካል፣ ሌሎቹን ክልክል ምልክቶች በፐርሰንት ይጽፋል።

‹አድጀስት ኤክስቴንሽን›ን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ አይዝለሉት። ድረ ገጽ ላይ ‹ዜና› የሚል ገጽና ‹ዜና/1› የሚል ሌላ ገጽ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዲስክ ላይ ግን አንድ ‹ዜና› ፋይልም ፎልደርም መሆን አይችልም፤ ከሁለቱ አንዱ ቦታ ያጣል። የመጀመሪያው ‹ዜና.ኤችቲኤምኤል› ከሆነ ሁለቱም ይቀመጣሉ።

መብራት ከሄደ ወይም ኔቱ ከተቋረጠ፦ ‹ኮንቨርት ሊንክስ› ሥራውን የሚሠራው ሁሉም ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው። መሃል ላይ የተቋረጠ ማውረድ ፋይሎቹ ቢኖሩም ሊንኮቹ አሁንም ወደ ኔት ነው የሚያመለክቱት። ትዕዛዙን አንዲት አማራጭ ሳይቀይሩ፣ በዚያው ፎልደር ላይ እንደገና ያስኪዱት። የስም አማራጩን ቀይረው ካስኬዱት አንዱ ገጽ በ? አንዱ በ@ ሁለት ጊዜ ይቀመጥና የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ መለየት ያቅታል።

ኤችቲትራክስ?

ድረ ገጽ የሚያወርድ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ በመስኮትና በመዳፊት መሥራት ለሚፈልግ ይመቻል። ጥያቄ ምልክት ያለበትን አድራሻ ራሱ ወደ አጭር ስም ይቀይረዋል፤ ከስሙ ኋላ አራት ቁምፊ ያላት መለያ ይለጥፋል። ስሙ ለዓይን አያምርም፣ ግን የትም ይከፈታል።

ዊንዶውስ ላይ ሲጫን የሚያቀርበው ማስቀመጫ ባዶ ቦታ ያለበት ስም ነው፤ በአጭር ስም ይተኩት። ‹ቢልድ› በሚለው ገጽ ላይ ያሉትን የዶስ ስሞችና የአይሶ9660 ምልክት ማድረጊያዎች ሲዲ ካላቃጠሉ በስተቀር አይንኩ። ‹ኤችቲኤስ ካሽ› የሚለውን ፎልደር አያጥፉ፣ አይሰይሙ፤ በኋላ አዲሱን ብቻ ለመጨመር የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ትልቅና ትንሽ ፊደል ምን ችግር አለው?

አብዛኛው የድረ ገጽ ሰርቨር ሊኑክስ ነው፤ በትልቅ ኤ የሚጀምር ‹አባውት› እና በትንሽ ኤ የሚጀምር ‹አባውት› ለእሱ ሁለት ገጾች ናቸው። ዊንዶውስ፣ ማክ (እንደተለመደው ከተዘጋጀ) እና ፍላሽ ግን አንድ ያደርጓቸዋል። ሲቀዱ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይደመስሳል፤ ‹ይተካ ወይ?› የሚለውን ጥያቄ ‹ለሁሉም አዎ› ብለው ካለፉት ምንም ሳያውቁ አለፈ ማለት ነው።

በተገላቢጦሹም አለ። ዊንዶውስ ላይ የተሠራ ገጽ ምስሉን በትልቅ ፊደል ጠርቶ ፋይሉ በትንሽ ቢሆን እዚያ ይሠራል፤ ኡቡንቱ ላይ ሲከፈት ምስሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ለደብሊውጌት ‹ሎወርኬዝ› የሚለውን ዋጋ መጨመር ሁሉንም ትንሽ ያደርገዋል። እርስዎ የሚፈጥሩት ፎልደር ደግሞ ሁልጊዜ በትንንሽ ፊደል ይሁን።

ከወረደ በኋላ ስሙን ብቀይረውስ?

ዋናውን፣ ከላይ ያለውን ፎልደር መቀየር ይቻላል፤ በውስጡ ያሉት ሊንኮች እርስ በርስ የሚጠሩት ከእሱ በታች ባለው መንገድ ነው። በውስጥ ያለውን አንድ ፋይል ወይም ፎልደር ከቀየሩ ግን እሱን የሚጠሩት ገጾች በሙሉ አሮጌውን ስም እንደያዙ ይቀራሉ። የፋይል ስሞችን በጅምላ የሚያጸዱ ፕሮግራሞችም ይህን አያስተካክሉም፤ ስሙን ያጸዳሉ፣ ሊንኩን ይሰብራሉ።

ብራውዘር ላይ ‹ሴቭ አዝ› ብዬ ያስቀመጥኩትስ?

አንድ ገጽና በስሙ መጨረሻ ‹ፋይልስ› የሚል ያለበት ፎልደር ይወጣሉ። መንታ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ከሰየሙ ወይም ካንቀሳቀሱ ምስሉ ይጠፋል። ዊንዶውስ ላይ አንዱን ሲያጠፉ ሌላውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ብራውዘሩ የገጹን ርዕስ በሙሉ ስም ስለሚያደርገው ከማስቀመጥዎ በፊት ያሳጥሩት።

በሲዳምኛ የተጻፉ ርዕሶች ላይ ያለችው ነጠላ ጥቅስስ?

ሲዳምኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ በላቲን ሲጻፉ ነጠላ ጥቅስ የቃሉ አካል ናት፤ እሷን መጣል ቃሉን ማበላሸት ነው። ሁሉም ሲስተሞች በስም ውስጥ ይቀበሏታል። ጥንቃቄው ሁለት ነው። ኡቡንቱ ላይ ትዕዛዝ ሲጽፉ ስሙን በድርብ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት፤ አለዚያ ትዕዛዙ አልተዘጋም ብሎ መስመር እየጨመረ ይጠብቅዎታል። ሁለተኛ፣ ቀጥ ያለችው ጥቅስና ዎርድ በራሱ የሚያደርጋት ጎባጣዋ ጥቅስ የተለያዩ ቁምፊዎች ናቸው። ለፋይል ስም ቀጥ ያለችውን ብቻ ይጠቀሙ።

ዚፕ አድርጌ ስልከው የአማርኛው ስም ተበላሸ።

ዚፑን የፈታው ፕሮግራም ስሞቹን በአሮጌ የኮድ ገጽ አንብቧቸዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት የባዕድ ቁምፊ ሆኖ፣ የየሦስቱ መጀመሪያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ይሄው ነው፤ የፊደላችን የመጀመሪያ ባይት ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ። መጀመሪያው የጀርመንኛዋ ድርብ ኤስ ከሆነች የዶስ ኮድ ገጽ ነው፤ ጭረት ያለባት ኤ ከሆነች የምዕራብ አውሮፓው ዊንዶውስ። መረጃው አልጠፋም፤ በሰቨን ዚፕ እንደገና ጠቅልለው፣ በራሱ የሰቨን ዚፕ ዓይነት ይላኩት፤ እሱ ስሞችን በዩኒኮድ ነው የሚይዘው።

ከኡቡንቱ ወደ ኡቡንቱ ብቻ የሚሄድ ከሆነ በታር (ብዙ ፋይሎችን ወደ አንድ ፋይል በሚጠቀልል የሊኑክስ ፕሮግራም) መጠቅለል ይሻላል፤ ፍላሹ የውስጥ ስሞችን ስለማያያቸው አይከለክልም። ፋት32 ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ከዚያ ከበለጠ ኤክስፋት ያድርጉት።

አስቀድሞ በተሳሳተ ስም የወረደ አለኝ፣ ድጋሚ ለማውረድ ኔቱ አይበቃኝም።

ፋይሎቹ ያሉት ኡቡንቱ ላይ ከሆነ ስሙን ጨርሶ ሳይነኩ ማዳን ይቻላል። ዊንዶውሶቹ ፋይሉን እንዲቀዱ ሳይሆን እንዲያዩ ብቻ ያድርጉ። ኡቡንቱውንና የክፍሉን ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች ወይም ራውተር ያገናኙ፤ ኔት አያስፈልግም። ኡቡንቱው ላይ ድረ ገጹ ያለበት ፎልደር ውስጥ ገብተው የፓይተን 3ን ‹ኤችቲቲፒ ሰርቨር› ሞጁል ያስኪዱ፤ በፖርት 8000 ይጀምራል። ዊንዶውሶቹ ላይ ብራውዘር ከፍተው የኡቡንቱውን አይፒ አድራሻ፣ ሁለት ነጥብ፣ 8000 ይጻፉ። ጥያቄ ምልክት ያለበትም፣ በነጥብ የሚያልቅም፣ መንገዱ 300 ቁምፊ የሚረዝምም ፋይል ይከፈታል፤ ዊንዶውሱ ስሙን ዲስኩ ላይ አይጽፈውምና።

‹ኮንቨርት ሊንክስ› ሳይበራ የወረደ ከሆነ ሊንኮቹ ወደ ኔት ስለሚያመለክቱ በዚህ መንገድም አይሠሩም። ‹አድጀስት ኤክስቴንሽን› ሳይበራ የወረደ ከሆነ ደግሞ ጥያቄ ምልክት ያለባቸው ገጾች ላይ ብራውዘሩ በመክፈት ፈንታ ‹ላውርደው?› ይላል፤ ሰርቨሩ የፋይሉን ዓይነት የሚለየው በስሙ መጨረሻ ነው። ገጾቹ ጥቂት ከሆኑ ኡቡንቱው ላይ ስማቸው መጨረሻ ‹.ኤችቲኤምኤል› ይጨምሩና የሚጠሯቸውን ሊንኮች በጽሑፍ ማረሚያ ‹ፈልግና ተካ› ብለው ያስተካክሉ። ሊንኩ ውስጥ ጥያቄ ምልክቱን ፈልገው ካጡት %3ኤፍ ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ይፈልጉ።